ሸለቆው ባመዛኙ ደረቅ ይሆናል

ሰኞ ጠዋት ከአምስት ሰዓት በፊት ሰው ባያናግረኝ ደስ ይለኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ በቢሮዬ በር ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ካለፉ በኋላ የሚሉኝንም አላጣውም። ሰኞ የሳምንቱ የአየር ጠባይ ትንበያ የሚመጣበት ቀን ነው። ሳተላይትና ካርታ ካላቸው ሰዎች ዘንድ አራት አምስት ገጽ ሆኖ በስልኬ ይደርሰኛል። እኔ ከሚሴ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ ያን ሁሉ ገጽ ወደ ስድስት ሰባት መስመር አሳጥረዋለሁ፤ በአማርኛ እጽፈዋለሁ፣ በኦሮምኛ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ በየቀበሌው ላሉ የግብርና ሠራተኞች እልከዋለሁ። እነሱ ደግሞ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ በየመስጊዱ ደጅ ቆመው ለሰው ያነቡታል። ሥራዬ ይኸው ነው። ሰማይ አላይም፤ ወረቀት ነው የማሳጥረው። ሰው ግን ይህን አይለይም፤ ሲዘንብ እኔ ያዘነብኩ፣ ሳይዘንብ ሲቀር እኔ የከለከልኩ ይመስለዋል።

ወረቀቱ የራሱ አነጋገር አለው። «ከመደበኛ በላይ» ይላል፤ «አልፎ አልፎ በጥቂት ቦታዎች ላይ» ይላል። አንድ ጊዜ ሲነበብ የሰማ አንድ ገበሬ «የኔ ማሳ ከጥቂቶቹ ነው ወይስ ከብዙዎቹ?» ብሎ ሰውን ሁሉ አስቋል። እኔን ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ወረቀቱም አይለየውማ።

የምጽፈው ስለ አንድ የኅዳር ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ግን የዐምናውን መናገር አለብኝ፣ ያለ እሱ የዘንድሮው ጥፋቴ የዕብድ ሥራ ይመስላል።

ዐምና በኅዳር ወረቀቱ «ዝናብ ሊኖር ይችላል» አለ። እኔ ፈራሁና ከወረቀቱ በላይ ጮኽኩ። «ይችላል» የምትለውን አውጥቼ ጣልኳት፤ «ይችላል» ከተባለ ሰው ከተቀመጠበት አይነሳም ብዬ። «ከባድ ዝናብ ይመጣል፤ የታጨደ ሰብል ሁሉ በአስቸኳይ ይሰብሰብ» ብዬ ላክሁ። የጨፋ ሸለቆ ሰው ከነልጁ ከነሚስቱ ወጥቶ ተራወጠ። ታላቅ እህቴም ጤፏን ባጨደች በማግሥቱ፣ ነዶው ገና እርጥብ ሳለ፣ ሰብስባ ከመረችው። ዝናቡ አልመጣም። ጠብ ያለ ነገር የለም። እርጥብ ጤፍ ሲከመር ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ይግላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክምሩ ሲፈታ መሀሉ ሻግቶ ጠቁሮ ነበር፤ እጅ ሲገባበት ያቃጥላል። ግማሹን ለከብት ሰጠችው። በዚያ ዓመት ክረምቱን የገፋችው በማሽላ ብቻ ነው።

ይህች እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን ብቻዋን ይዛ የምትኖር ሴት ናት። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከሚሴ ተከራይቼ ስማር ስንቄን በሰው እጅ ትልክልኝ ነበር፤ ተምሬ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ ወልጄም አልተወችኝም፤ በየዓመቱ አዲስ ጤፍ ሲወቃ አንድ ጆንያ ለቤቴ ትልካለች። «ደሞዝተኛ ነኝ እኮ» ስላት «ደሞዝ ይበላል እንዴ?» ትለኛለች። ዐምና ጤፏን ሳበላሽባት አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላው ሰው ግን አልማረኝም። ከሚኒባስ ስወርድ «የዳመናው ሰውዬ መጣ፣ ልብስ አስገቡ!» ይሉኛል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን አንዱ የባጃጅ ነጂ «ጋሼ፣ ዣንጥላ ልያዝ?» ብሎኛል። እስቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ይቆረቁረኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲህ «ዝናብ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ እጄ ይከብደኝ ጀመር።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ በዚያው በኅዳር፣ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀቱ መጣ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቀይ ባሕር በኩል እርጥብ አየር እየገባ ነው፤ ከሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በተራራማ አካባቢዎችና ከተራሮቹ ሥር ባሉ ሸለቆዎች ለወቅቱ ያልተለመደ ዝናብ ይጠበቃል ይላል። «ይችላል» አላለም፤ «ይጠበቃል» ነው ያለው። ከተራሮቹ ሥር ያለው ሸለቆ ደግሞ የኛው ጨፋ ነው። መጀመሪያ የመጣችብኝ እህቴ ናት። ጤፏ ታጭዶ ነዶ ነዶ ሆኖ ማሳው ላይ ተኝቷል። ዘንድሮ በደንብ ደርቋል፤ ከገባ ምንም አይሆንም። መሬት ላይ እንዳለ ዝናብ ካገኘው ግን ፍሬው ይረግፋል፣ ይበቅላል፣ ይጠቁራል። ሁለተኛ ዓመት ማሽላ ማለት ነው፤ በኔ ምክንያት።

በኛ አገር የታጨደ የሚሰበሰበው በጂጌ ነው። ሰፈሩ በተራ ይወጣል፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው። ተራው ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ዱዓ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ባለተራዎች ተስማምተው ካልተለዋወጡ በቀር ማንም አይነካውም። ደግሞም ባለተራው ምግቡና ቃሪቦው፣ ያ የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ካልደረሰለት ጂጌ አይጠራም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ብዕር ሳላነሳ ስልክ አነሳሁ።

«እታለም፣ ተራሽ መቼ ነው?»

«አሰላሙ አለይኩም ማለትም ቀረ?»

«አሰላሙ አለይኩም። ተራሽ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። ምነው?»

«ቅዳሜ አይሆንም። ሐሙስ ከመምሸቱ በፊት ክምር ላይ ይሁን። ዝናብ አለ።»

«ወረቀቱ ነው ያለው ወይስ አንተ?»

«ወረቀቱ ነው።»

«ዐምናም ወረቀቱ ነበር።»

ስለ ዐምናው የተናገረችው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተናገረችም። ዘንድሮ ጤፏ ስለደረቀ፣ ዝናቡ ቢቀርም ቀድሞ መከመሩ እንደማይጎዳት ነገርኳት። ሐሙስ የማን ተራ እንደሆነ ጠየቅኋት። የማሳ ጎረቤቷ የሆኑት ሽማግሌ ነው አለችኝ። እኒህን ሰው እኛ «አያ» ነው የምንላቸው፤ በአካባቢው እንደሳቸው አድርጎ ክምር የሚከምር የለም። ልጆቻቸው ለሥራ ርቀው ሄደውባቸው ከባለቤታቸው ጋር ብቻ ነው የሚኖሩት።

«አሁኑኑ ሂጂና ተራ ለውጪያቸው። ቃሪቦው ቀድሞ ደረሰብኝ በያቸው» አልኳት።

«ስለ ዝናቡስ?»

«ስለ ዝናቡ አንቺ አትናገሪ። ከዙህር በኋላ በመስጊድ ይነበባል።»

«ለሰው ሁሉ ትነግራለህ፣ አይደል?»

«ወላሂ እነግራለሁ» አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ መጻፍ ጀመርኩ። «ከሐሙስ ጀምሮ በጨፋ ሸለቆ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ዣንጥላ ልያዝ ያለኝ ባጃጅ ነጂ ፊቴ መጣ። ባይዘንብስ? ሁለተኛ ዓመት ብሳሳት በዚህ ከተማ በእግሬ እሄዳለሁ? ሰረዝኩት። ሌላም ሐሳብ ነበረኝ፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። እህቴ ተራውን ሳታገኝ ይህ ከተነበበ ሐሙስን ማን ይለቅላታል? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይኼ ነው። ከሁለቱ የትኛው እጄን እንደያዘው እስከ ዛሬ አልለየሁም፤ ምናልባት ሁለቱም አንድ ላይ ይዘውኝ ይሆናል። በመጨረሻ የላክሁት እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ሳምንት በተራራማ ቦታዎች አልፎ አልፎ ጥቂት ዝናብ ሊኖር ይችላል። ሸለቆው ባመዛኙ ደረቅ ይሆናል።»

የመጀመሪያውን ወረቀቱ ከሞላ ጎደል ብሎታል። ሁለተኛውን አላለም። እሱን ያልኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ አየት አድርጎ «ጥሩ ነው፣ አጭር ነው» አለና አሳለፈው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል።

«ሰጡኝ» አለችኝ። «ሐሙስን ሰጥተውኝ ቅዳሜን ወሰዱ።»

«አልሐምዱሊላህ። መቼ ሄድሽ?»

«አንተ እንዳልከው ቀድሜ አልሄድኩም። ሳይሰሙ መለወጥ የሰው ሐቅ መብላት ነው። መስጊድ ተነቦ፣ የዐስር ሶላት እስኪሰገድ ጠብቄ ነው የሄድኩት። ዝናቡን ሰምተውም እንኳ ሰጡኝ እኮ! ‹አንቺ ዐምና ተጎድተሻል፣ ውሰጂው› አሉኝ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።»

እሷ በዙህር ሰዓት ቤቷ ነበረች፤ የተነበበውን በጆሮዋ አልሰማችም። እኔ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ ስላልኳት መስማትም አላስፈለጋትም። አያ ዝናብ እንደሚመጣ አውቀው ተራቸውን የሰጧት መስሏታል። በዚያች ቅጽበት «እታለም፣ እኔ አልነገርኩም» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አሚን» አልኩ።

በዚያው ምሽት የግቢያችን ጎረቤት ከባቲ ገበያ ተመለሰ። በየሰኞው ባቲ ወርዶ ፍየል የሚገዛ ነጋዴ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ገበያው እንዳልቀናው ሲያማርር ሰማሁት፤ ከቆላ የወጡት አፋሮች ግመላቸውን ገና በጊዜ አዙረው ሄዱ አለ። «ነፋሱ ዞሯል አሉ፤ ልጆቻችን ከነከብቱ ወንዝ ዳር ናቸው ብለው ለዋጋ እንኳ አልቆሙም» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብሎ «ያንተስ ወረቀት ምን ይላል?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ገብቼ ስልኬን አውጥቼ የማስተካከያ መልእክት ጻፍኩ። ከጻፍኩ በኋላ አነበብኩት። «ዛሬ የተላለፈው ስሕተት ነው» የሚል ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ብሎ ይሰበስበዋል ብዬ አጠፋሁት። ይህም ሰበብ ነው። ከአፌ የወጣውን መሰብሰብ የሚችል ሰው ቢኖር እኔው ነበርኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ነበረኝ።

ማክሰኞ ሰማዩ የታጠበ ነበር። ረቡዕም እንደዚያው። ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜ ተራራውን ሳይ ዋልኩ፤ ሰማይ አላይም ያልኩት ሰውዬ በሁለት ቀን ውስጥ ከእረኛ ይብስ አየሁ። እንዳይዘንብ ለመንኩ። ካልዘነበ የአያ ጤፍ ቅዳሜ በሰላም ይገባል፤ የኔም ነገር ሳይሰማ ተቀብሮ ይቀራል። ረቡዕ ከሰዓት ላይ ነፋስ ተነሣ፤ ከምሥራቅ ነበር፤ ቀዝቀዝ ይላል። መስኮቱን ዘጋሁት።

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ በጠዋት ወደ ሸለቆው ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ የእህቴ ማሳ ድረስ በእግሬ ስደርስ ጂጌው ከተጀመረ ቆይቷል። ሃያ የሚያህል ሰው ነዶ እየተሸከመ ወደ አውድማው ያመላልሳል። አንዱ በኦሮምኛ ያዜማል፣ ሌላው በአማርኛ ይቀበላል። አያ ክምሩ ላይ ቆመዋል። የሚወረወርላቸውን ነዶ ፍሬውን ወደ ውስጥ፣ ግንዱን ወደ ውጭ እያደረጉ ዙሪያውን ይደረድራሉ፤ ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርገው ይህ አደራደር ነው። ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«ኦ! የዳመናው ሰውዬ! አካም ቡልቴ?» አሉኝ ከላይ። «ዛሬስ ልብስ እናስገባ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሳቸው ማሳ ከእህቴ ማሳ የሚለየው በአንድ የሣር ድንበር ብቻ ነው። ነዶው ከዳር እስከ ዳር ተኝቶ ይታየኛል። እሳቸው በሷ ክምር ላይ ሲለፉ የራሳቸው ጤፍ መሬት ላይ ነው። ሸሚዜን አወለቅሁና ነዶ መሸከም ጀመርኩ፤ በዚያን ቀን የተሸከምኩትን ያህል በዕድሜዬ ተሸክሜ አላውቅም። እህቴ ቃሪቦ ስትሰጠኝ «ቀስ በል፣ ቢሮ የለመደ ወገብ ነው» አለችኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ በምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ጫፉ ጠፋ። ዳመናው ከኋላችን፣ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ ተራራውን ሲነካ ይቆምና ይከመራል። ዜማው ቀዘቀዘ፤ ሰው ነዶውን ጥሎ ሲመለስ ቀና እያለ ያያል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥላው ሸለቆው ውስጥ ገባ። ክምሩ ከአራት ሦስት እጁ አልቋል፤ የቀረው ጥቂት ነዶና ክዳኑ ነው።

አያ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። እጃቸው ላይ ያለውን ነዶ ሳያስቀምጡ ቆዩ።

«ያ ረቢ! ሮባ ነው እኮ ይሄ!» አሉ። «ዝናብ ነው!» ከዚያ ወደኔ ዝቅ ብለው፣ አሁንም እየሳቁ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሸለቆው ደረቅ ነው ብለህ አልነበር?»

እህቴ ነዶ ተሸክማ በአጠገቤ ታልፍ ነበር። ቆመች።

«ምን አሉ፣ አያ?»

«ሰኞ የተነበበውን ነዋ። ዝናቡ የተራራ ነው፣ ሸለቆው ደረቅ ይሆናል ተባለ። እኔማ ቅዳሜን ያለ ሐሳብ የወሰድኩት ለዚያ ነው።»

ነዶውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው። ወደኔ ዞረች።

«ለሰው ምን አልካቸው?»

ሃያ ሰው ነበር። ሥራውን ያቆመም ያላቆመም ይሰማል። ውሸት መጨመር እችል ነበር፤ ወረቀቱ ተለወጠ ማለት እችል ነበር፤ እሷ ማንበብ አትችልም። ዐይኗን ሳይ ግን አልቻልኩም።

«ወረቀቱ ዝናብ ነው ያለው» አልኩ። «ለሷ ነገርኳት። ለናንተ አልነገርኩም። ዐምና እንደሆነው እንዳልሆን ፈራሁ። አያ፣ እሷ እርስዎ ሰምተው የሰጧት መስሏት ነው። የሷ ጥፋት የለበትም።»

ነፋሱ ከክምሩ ላይ ጭድ ያነሣ ነበር። የምጠብቀው ስድብ ነበር፤ ስድቡን ሁሉ ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። እህቴ ግን ለስድብም ጊዜ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

«የኔን ተዉት!» ብላ ጮኸች። «ወደ አያ ማሳ! በአላህ ይሁንባችሁ፣ የኔን ተዉት!»

«ክዳኑስ?» አለ አንዱ። «ላዩ ክፍት ነው እኮ።»

«ክፍት ይሁን!»

አያ ከክምሩ ላይ «ሴትዮ፣ አትበጂ! የተጀመረ ይጨረስ!» አሉ። የሰማቸው የለም። እሷ ድንበሩን ተሻግራ ነበር። ሰውም ተከተላት። ሽማግሌው ብቻቸውን ክምሩ ላይ ቀሩ፤ ጥቂት አየት አድርገው፣ እጃቸው ላይ የነበረውን ነዶ ቦታው ላይ ደረደሩና ወረዱ።

ሠላሳ ደቂቃ ያህል ያገኘን ይመስለኛል። መከመር የማይታሰብ ነው፤ ነዶውን እየሰበሰብን ከፍ ባለ ቦታ ላይ ማቆለል ብቻ ነው የቻልነው። ሁለት ሸራ ተገኘ። እኔ እሮጣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ትልልቅ ነበሩ፤ አቧራው ላይ ሲያርፉ ይሰማሉ። ከዚያ ተራራውም ማሳውም ሰውም ጠፋ። እህቴ በዝናቡ ውስጥ ነዶ እንደታቀፈች ቆማ ነበር፤ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ አልነበረም።

የአያ ጤፍ ግማሹ እንኳ አልተረፈም። የሷም ክምር በክፍት አናቱ ውሃ ገብቶ ላዩ ተበላሸ፤ የታችኛው ግን የአያ አደራደር ስለሆነ አልተነካም።

ዝናቡ ሲያባራ አያን ከቤታቸው ጣሪያ ጫፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ከነጭቃዬ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «አውፍ በሉኝ» አልኳቸው። «ተነሥ» አሉኝ፤ አውፍ ብያለሁም አላሉ፣ አላልኩምም አላሉ። ከዚያ «ዐምና የሳቅንብህ እኛ ነን። በሳቅ እንዲህ ትሸበራለህ ብለን አላሰብንም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር፤ ጥፋቴን ሊካፈሉኝ ሲሞክሩ ግን አንጀቴን በሉት።

እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። ፀሐይ ወጣ፤ የረጠበው ተገላብጦ ደረቀ፤ ጊዜው ሲደርስ ጤፉ ተወቃ። በመውቂያው ቀን ሳልጠራ ሄድኩ። አውድማ ላይ በኛ አገር የወጣውን እህል ጮክ ብሎ የሚቆጥር የለም፤ በረካው ይሸሻል ይባላል። ሰው ቆሞ በዝምታ ያያል። ንጹሑ ጤፍ ሲከማች እህቴ አንድ ጆንያ ሞላች። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ ጎትታ አያ እግር ሥር አቆመችው።

«ይህ የርስዎ ሐቅ ነው» አለቻቸው።

«ተይ ልጄ፣ ተራውን የሰጠሁሽ እኮ በውዴ ነው።»

«ሳያውቁ የሰጡት በውድ አይባልም።»

ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ፤ ሦስት ጊዜ መለሰችላቸው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተቀበል ስላሏቸው ተቀበሉ። ያኔ ነው ወደኔ የዞረችው።

«የሰጠኋቸው ያንተን ጆንያ ነው» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ የቤት ጉዳይ እንደምትነግረኝ ነው የምትናገረው። «ከእንግዲህ ለኔ ብቻ የሚሆን ወሬ አታምጣልኝ። የሚመጣውን ከሰው ጋር እሰማለሁ።»

ወደ ከሚሴ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባለቤቴ የጆንያውን አለመምጣት አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከገበያ ገዝተን በላን።

አሁን በየሰኞው ወረቀቱ ያለውን ያህል ብቻ እጽፋለሁ። «ይችላል» ካለ «ይችላል»፣ «ይጠበቃል» ካለ «ይጠበቃል»። የእህቴ ቀበሌ የግብርና ሠራተኛ የታመመ ዕለት ግን ራሴ ሄጄ ማንበብ ነበረብኝ። ከዙህር በኋላ መስጊዱ ደጅ ላይ ቆምኩ። አያ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከወንዶቹ ጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ፣ እህቴ ቆማለች። በዙህር ሰዓት ከቤቷ የማትወጣው ሴት በየሰኞው እየመጣች እንደምትሰማ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አነበብኩ፤ ስለ ተራራው አነበብኩ፣ ስለ ሸለቆውም አነበብኩ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ ከኋላ ድምፅዋ መጣ።

«ይሄ የወረቀቱ ነው ወይስ ያንተ?»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መልሱን ትጠብቅ ነበር።

«የወረቀቱ ነው» አልኳት።